«ጀስቲፊኬሽን» ማለት ግን ምን ማለት ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የትርጉም ሥራ ስለምሠራ ይህ ቃል በየሳምንቱ ይገጥመኛል። ሰዎች የሚጠይቁኝን ሰብስቤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ መልሼዋለሁ።

ጀስቲፊኬሽን በአማርኛ ምን ይባላል?

አንድ ቃል የለውም። ይህን ስል ቅር የሚለው ሰው አለ፣ ግን የአማርኛ ድህነት አይደለም። እንግሊዝኛው አንድ ከረጢት ውስጥ የከተተውን እኛ ለያይተን ነው የምናስቀምጠው። ቢሮ ውስጥ «ማብራሪያ» ወይም «በቂ ምክንያት» እንለዋለን፣ ቤተ ክርስቲያን «ጽድቅ»፣ ሒሳብ ክፍል «ማረጋገጫ»። ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ የተለመደ ትርጉም የለውም፤ «ጀስቲፋይ አድርገው» ብለን እናልፋለን።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ዩስቱስ» ትክክለኛ፣ ጻድቅ፤ «ፋኬሬ» ማድረግ። አንድን ነገር ትክክል ማድረግ ወይም ትክክል መሆኑን ማሳየት ማለት ነው። ስለዚህ ከመተርጎምህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፤ እዚህ ጋ «ትክክል ነህ» የሚለው ማን ነው? አለቃ ነው? ዳኛ ነው? እግዚአብሔር ነው? ወይስ ራስህ? እሱን ካወቅክ ቃሉ ይመጣልሃል።

እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ ቀርቼ ተዋርጃለሁ። የግዢ መጠየቂያ ቅጽ በጥድፊያ ስሠራ ኮምፒዩተሩ የተረጎመልኝን ሳላነብ አሳለፍኩት። አንዱ ዓምድ «የግዢው ጽድቅ» ይላል። ቅጹ ተባዝቶ ከተበተነ በኋላ ንብረት ክፍል ያለች ልጅ ደወለችልኝና «ይሄን የምንሞላው እኛ ነን ወይስ የንስሐ አባታችን?» አለችኝ።

ከ«ምክንያት» እና ከ«ሰበብ» በምን ይለያል?

ምክንያት ለምን እንደሆነ ብቻ ነው የሚናገረው። መኪናው የቆመው ነዳጅ ስላለቀ ነው። እዚህ ውስጥ ትክክልም ስህተትም የለም። ጀስቲፊኬሽን ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ ምክንያቱ ድርጊቱን ትክክል ያደርገዋል ይላል። «መኪናውን መንገድ መሀል ያቆምኩት ሰው ስለወደቀ ነው» ስትል ለምን እንዳቆምክ ብቻ አይደለም የነገርከን፣ እንዳንወቅስህም እየጠየቅክ ነው።

ሰበብና ማመካኛ ደግሞ ዘግይተው የሚመጡ ናቸው። ውሳኔው አልቋል፣ የቀረው ልብስ ማልበስ ነው። ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ ጅቡ ከላይ በኩል ሆኖ «ውሃውን አደፈረሽብኝ» አላት አሉ። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። አህያዋ ነገሩ ስለገባት አልተከራከረችም፣ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ብላ ገላገለችው። እኔ ከማንም ፈላስፋ በላይ ልዩነቱን ያሳየችኝ ይህች አህያ ነች። የጅቡ ችግር ምክንያቱ ደካማ መሆኑ ብቻ አይደለም። ጥሩ ምክንያት ቢያገኝም ኖሮ የሚበላት ከመጀመሪያው ስለራበው ነበር።

መሥሪያ ቤት «ጀስቲፊኬሽን አቅርብ» ሲሉኝ ምን ልጻፍ?

ብዙ ሰው «ላፕቶፕ ስላስፈለገ» ብሎ ይጽፍና ወረቀቱ ሲመለስበት ይናደዳል። ይህ ጥያቄውን በሌላ ቃል መድገም ነው። የሚፈለገው ለምን ይሄ፣ ለምን አሁን፣ ለምን ይህን ያህል፣ ሌላ አማራጭስ ለምን አይሆንም ለሚሉት መልስ ነው። «የሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ 2 ጊዜ ተጠግኗል፣ ባትሪው 20 ደቂቃ አይቆይም፣ የወር መዝጊያ ሰሞን መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ለሦስተኛ ጊዜ ማስጠገን የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ይፈጃል» ብለህ ጻፍና ማን እንደሚመልስብህ አያለሁ።

በተለይ ያለ ጨረታ ከአንድ አቅራቢ ብቻ የሚገዛ ነገር ላይ ተጠንቀቅ። ያንን ወረቀት አስበህ የምትጽፈው ዛሬ ለሚፈርመው አለቃህ አይደለም፣ እሱ ነገሩን ያውቀዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ መጥቶ ፋይሉን ለሚከፍተው ኦዲተር ነው። ኦዲተሩ አንተን አያውቅህም፣ ያኔ ምን ያህል እንደተጣደፋችሁም አያውቅም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

አሠሪዬስ እኔን ለማሰናበት ጀስቲፊኬሽን ያስፈልገዋል?

አዎ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ስንብት ከሠራተኛው ጠባይ ወይም ችሎታ፣ አለበለዚያም ከድርጅቱ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችም በስም ተጠቅሰዋል፦ የሠራተኛ ማኅበር አባልነት፣ በአሠሪው ላይ ክስ ማቅረብ፣ ብሔር፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ እርግዝና። ደብዳቤው ላይ ሌላ ነገር ቢጻፍም እውነተኛው ምክንያት ከእነዚህ አንዱ ነው ብለህ መከራከር ትችላለህ። ከባዱ ነገር ማስረዳቱ ነው።

ኮምፒዩተር ላይ «ጀስቲፋይ» የሚለውስ ምን አገናኘው?

ጽሑፉን ከግራም ከቀኝም ጠርዝ እኩል ማድረግ ነው፤ ኮንትሮል ይዘህ «ጄ» የሚለውን ፊደል ስትነካ የሚሆነው። ስሙ የመጣው ከማተሚያ ቤት ነው። ፊደል ለቃሚው የእርሳስ ፊደሎቹን መስመር ላይ ከደረደረ በኋላ በቃላቱ መሀል ቀጫጭን ክፍተት መሙያዎች እየጨመረ መስመሩ ልክክ እስኪል ያስተካክላል። ካልገጠመ ሲታተም ፊደሉ ይወላለቃል። ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. 1455 አካባቢ ያተመው ባለ 42 መስመር መጽሐፍ ቅዱስ ሁለቱም ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

አማርኛን ጀስቲፋይ ስታደርገው የሚያስጠላው ለምንድነው ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። ቃላችን ረጅም ነው። «እንደማይመለሱልንም» ብለህ ጻፍ፣ ይኸው አንድ ቃል ነው። ጠባብ ዓምድ ላይ መስመሩ መጨረሻ ላይ ካልበቃው ፕሮግራሙ ሙሉውን ወደ ታች ይጥለውና የቀሩትን ሁለት ሦስት ቃላት በግድ ይለጥጣቸዋል፤ መሀላቸው መኪና ያሳልፋል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም። መስመሩ ሲያልቅ ቃሉን የትም ቦታ ቆርጠው ቀጣዩ መስመር ላይ ይቀጥሉ ነበር፣ ሰረዝ እንኳን አያስቀምጡም። ቃሉ የት እንዳለቀ ሁለት ነጥቡ ይናገራላ! ሁለት ነጥብን በባዶ ቦታ ስንተካው ይህንን ነፃነት አብረን ጣልነው። ምክሬ ለጋዜጣና ለብሮሹር ጠባብ ዓምድ ግራውን ብቻ ማስተካከል ነው፤ ለመጽሐፍ ገጽ ግን ጀስቲፋይ ያምራል።

ነፍስ ትጸድቃለች፣ አዋጅ ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል። አንድ ቃል ነው?

አንድ ነው። እኔ ስለ አማርኛ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ምክር ቤቱ ድምፅ ሲሰጥ ረቂቁ ጸደቀ እንላለን። ክረምት ላይ የተተከለው ችግኝ በጋውን ካለፈ ጸደቀ እንላለን፣ የግብርና ባለሙያ ሪፖርት ላይ «የጽድቀት መጠን» የሚባል ነገር ራሱ አለ። ሰውም ጸደቀ ይባላል። የሦስቱም ስሜት ተቀራራቢ ነው፤ እስካሁን በጥርጣሬ ላይ የነበረ ነገር ከአሁን ወዲህ ጸና፣ ቆመ። ይህ የእኔ ንባብ ነው፣ የሥነ ልሳን ሰዎች ሊያርሙኝ ይችላሉ።

ሥሩ የዕብራይስጡ ዘመድ ነው። መልከ ጼዴቅ የሚለውን ስም ዕብራውያን 7 ላይ «የጽድቅ ንጉሥ» ብሎ ይፈታዋል፤ እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ጼዴክን በየቀኑ «ፍትሕ» ብለው ይሰሙታል። በጥንቱ ዕብራይስጥ ዳኛ አንድን ሰው «ጥፋት የለብህም» ብሎ ሲለቀው የሚባለውም ከዚሁ ሥር ነው። ማለትም ጽድቅ ገና ከጥንቱ አንድ እግሩ ችሎት ውስጥ ነበር። እኛ ጋ ቃሉ ወደ በጎ ሥራም አጋድሏል፤ «ለጽድቅ ባዝላት ተንጠልጥላ ቀረች» ስንል ስለ ችሎት አናስብም።

አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ቃል ላይ የተጣሉት ለምንድነው?

ጥያቄው ኃጢአተኛ ሰው በእግዚአብሔር ፊት እንዴት ጻድቅ ሆኖ ይቆማል ነው። እ.ኤ.አ. 1517 በጀመረው ተሐድሶ ማርቲን ሉተር መልሱ በእምነት ብቻ ነው አለ፤ እግዚአብሔር እንደ ዳኛ ሰውየውን ጻድቅ ብሎ ያውጅለታል፣ የክርስቶስ ጽድቅ ይቆጠርለታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. 1547 በትሬንት ጉባኤ የመለሰችው፣ ሰው ጻድቅ ተብሎ መታወጅ ብቻ ሳይሆን በጸጋ ውስጡ ተለውጦ ጻድቅ ይደረጋል፣ እሱም ከጸጋው ጋር አብሮ ይሠራል የሚል ነው። ቀልድ አይደለም፣ ለዚህ ልዩነት አውሮፓ ደም ፈሶባታል። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በጽድቅ ላይ የጋራ መግለጫ የፈረሙት ገና እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 አውግስበርግ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሜቶዲስቶች፣ በ2017 የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ተቀላቀሉት። መካነ ኢየሱስ የፌዴሬሽኑ አባል ስለሆነች ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም።

ኦርቶዶክስ ተዋሕዶስ? ክርክሩ በዚያ መልኩ የምዕራቡ ነው። እሷ ጋ እምነት፣ ሥራና ምሥጢራት ተያይዘው ነው የሚነገሩት፣ «ጻድቅ» የሚለውም እንደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ላሉ በሕይወታቸው ለታዩ ቅዱሳን ማዕረግ ነው። ወዳጆች በዚህ ሲከራከሩ አንዱ ሮሜ 3ን እና 4ን፣ ሌላው ያዕቆብ 2ን ይመዛል። ሁለቱም ጋ «ይጸድቃል» የሚል ቃል አለ፣ ሁለቱም ምሳሌያቸው አብርሃም ነው። ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል እንጂ ነገሩ አያልቅም።

ራሴን ስከላከል ሰው ብጎዳ ሕጉ ምን ይላል?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል። ነገር ግን እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል መሆን አለበት፣ አጸፋውም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ትናንት መታኝ ብለህ ዛሬ ጠብቀህ ብትመታው መከላከል ሳይሆን በቀል ነው። በጥፊ ለመጣብህ ሰው ሽጉጥ ብትመዝም ልኩን አልፈሃል፤ አንቀጽ 79 ያንን ነው የሚያየው። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልልህ ይችላል። ይህ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፣ ፋይል ያለበት ሰው ጠበቃ ያማክር።

ታዲያ «ትክክል ነበርኩ» እና «ይቅር በሉኝ» በሕግ አንድ ናቸው?

አይደሉም፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. 1956 ጥሩ አድርጎ ለይቶታል። አንደኛው ሰው «አድርጌዋለሁ፣ ግን መጥፎ አልነበረም» ይላል። ሁለተኛው «መጥፎ ነበር፣ ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ ጥፋት አይደለም» ይላል። የጎረቤቱን በር ሰብሮ ከእሳት ሕፃን ያወጣ ሰው የመጀመሪያው ነው። በአእምሮ ሕመም የሚያደርገውን ሳያውቅ በር የሰበረ ሰው ሁለተኛው ነው። ሁለቱም ላይቀጡ ይችላሉ፤ ነገ ግን እሳት ቢነሳ እንደ መጀመሪያው እንድታደርግ ነው የምንፈልገው።

ወሰኑ የተፈተነበት ታዋቂ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. 1884 ሚኞኔት የምትባል ጀልባ ሰጠመችና አራት ሰዎች በትንሽ ታንኳ ውቅያኖስ ላይ ቀሩ። ሦስት ሳምንት ገደማ ከተራቡ በኋላ ካፒቴኑ ደድሊና ረዳቱ ስቲቨንስ፣ የታመመውን የ17 ዓመት ልጅ ሪቻርድ ፓርከርን ገድለው በሉት። ከቀናት በኋላ ሌላ መርከብ አዳናቸው። ያደረጉትን አልደበቁም፣ ትክክል ነን ብለው ነበር የሚያስቡት። የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ግን የራስን ሕይወት ማዳን ንጹሕ ሰውን ለመግደል ጀስቲፊኬሽን አይሆንም አለ። ሞት ፈረደባቸው፣ ከዚያ ቅጣቱ ወደ 6 ወር እስር ተቀየረ። እነዚያን ሁለት ፍርዶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። ሞቱ «ትክክል አልነበራችሁም» ነው፤ ስድስት ወሩ «ግን እናዝንላችኋለን» ነው።

ሒሳብ ላይ መልሴ ልክ ሆኖ ማርክ የሚቀነስብኝ ለምንድነው?

መልስ ሌላ፣ ማረጋገጫ ሌላ ስለሆነ። ብዙ ምሳሌ መሞከርም አይበቃም። የሒሳብ ሊቁ ጎልድባክ እ.ኤ.አ. 1742 ከ2 የሚበልጥ ማንኛውም ተጋማሽ ቁጥር፣ ለ1ና ለራሱ ብቻ የሚካፈሉ የሁለት ቁጥሮች ድምር ነው ብሎ ገመተ። በኮምፒዩተር 4 ተጽፎ 18 ዜሮ እስከሚከተለው ቁጥር ድረስ ተፈትሿል፣ አንድም አልከሸፈም። ሆኖም ዛሬም ግምት ነው የሚባለው። ግትርነት ይመስላል፣ ግን ሌላው የሒሳብ ሊቅ ፖልያ እ.ኤ.አ. 1919 ያቀረበው ሌላ ግምት ምን እንደደረሰበት ተመልከት። በመቶ ሚሊዮኖች ለሚቆጠሩ ቁጥሮች ይሠራል። 906,150,257 ላይ ሲደርስ ይከሽፋል።

ማመን፣ እውነት መሆንና በቂ ምክንያት መያዝ ከተሟሉ «አውቃለሁ» ማለት እችላለሁ?

ፈላስፎች ለረጅም ጊዜ አዎ ሲሉ ኖረዋል። ከዚያ ኤድመንድ ጌቲየር እ.ኤ.አ. 1963 ሦስት ገጽ ጽፎ አፈረሰባቸው። ነገሩን ለማየት ቀላሉ ምሳሌ በርትራንድ ራስል የሰጠው የቆመ ሰዓት ነው። ካፌ ገብተህ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 9 ከ20 ይላል። ሁልጊዜ ትክክል ስለነበር ታምነዋለህ። በእርግጥም 9 ከ20 ነው። ግን ሰዓቱ ትናንት 9 ከ20 ላይ ባትሪው አልቆ የቆመ ነው። እምነትህ እውነት ነው፣ ምክንያትህም መጥፎ አልነበረም። ታዲያ ሰዓቱን ታውቅ ነበር? አብዛኛው ሰው «ዕድል ነው» ይላል። ዕድሉን ምን እንደሚያስወጣው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሌላው ራስ ምታት ምክንያቱ ራሱ ምክንያት መፈለጉ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ያለው ሰው ያውቀዋል። ለምን? ለምን? ለምን? አንድ ቦታ ላይ ወይ «በቃ እንዲህ ነው» ትላለህ፣ ወይ ዞረህ መጀመሪያ ያልከውን ትደግማለህ፣ ወይ እስከ ማታ ትቀጥላለህ። ከእነዚህ ሦስቱ ውጪ መውጫ የተገኘ አይመስለኝም።

አገሮች ጦርነት ሲጀምሩ የሚሰጡት ጀስቲፊኬሽንስ?

እዚህ ጋ አያ ጅቦ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1934 ወልወል የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦር ተጋጨ። ቦታው ከጣሊያን ሶማሊያ ወሰን ወዲህ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጣሊያን ግን ተነካሁ ብላ ይቅርታና ካሳ ጠየቀች። ጉዳዩን የመረመረው የግልግል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመስከረም 1935 መጀመሪያ ላይ ለግጭቱ ሁለቱንም ወገን ተጠያቂ አላደረገም። በወሩ፣ ጥቅምት 3፣ ጣሊያን ወረረች።

የጦር ዝግጅቱ ከወልወል በፊት ተጀምሮ ነበር። ሰበቡ ሲወድቅ ወረራው ያልወደቀው ለዚህ ነው። የዛሬዎቹንም ጦርነቶች ስትሰማ ልትሞክረው ትችላለህ፤ የተሰጠው ምክንያት ነገ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ውሳኔው ይቀየር ነበር?

ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ማመካኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከሳሹም ዳኛውም ጠበቃውም አንተ ነህ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሊዮን ፌስቲንገርና ካርልስሚዝ እ.ኤ.አ. 1959 አንድ ሙከራ አሳተሙ። ተማሪዎችን አሰልቺ ሥራ አሠሯቸውና ለሚቀጥለው ሰው «ደስ ይላል» ብለው እንዲዋሹ ከፈሏቸው፤ ለአንዳንዱ 1 ዶላር፣ ለአንዳንዱ 20። በኋላ «እውነት ሥራው እንዴት ነበር?» ሲባሉ ወደድነው ያሉት 1 ዶላር የተከፈላቸው ናቸው። 20 ያገኘው ለምን እንደዋሸ ያውቃል። 1 ዶላር ያገኘው ግን በዚህ ገንዘብ ዋሸሁ ከሚል፣ «ለነገሩ መጥፎ አልነበረም» ማለት ቀለለው።

እኔ ባለፈው ዓመት ከአቅሜ በላይ የሆነ ስልክ ገዛሁ። ባለቤቴ ስትጠይቀኝ መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ካሜራው ለሥራ ነው፣ ደንበኞች የሚያመጡትን ሰነድ ጥርት አድርጎ ያነሳል። እስካሁን ያነሳሁበት ሰነድ ሁለት ነው። አንዱ የስልኩ ደረሰኝ ነው።